የቤት ዲድና የካውንቲ መዝገብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ ቤት ስንገዛ ግዢው በሚጠናቀቅበት በክሎዚንግ ቀን ብዙ ወረቀት እንፈርማለን፤ ቁልፍ ተቀብለን ፋይሉን መሳቢያ ውስጥ እናስገባለን። ብዙዎቻችን ስለ ዲዱ እንደገና የምናስበው ችግር ሲመጣ ነው። ፍቺ ሊሆን ይችላል፣ ሞት ሊሆን ይችላል፣ ወይም በፖስታ የመጣ አስፈራሪ ደብዳቤ። ይህ ገጽ ከዚያ በፊት እንዲነበብ ነው የተጻፈው። ሕጉ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ፣ በተቻለ መጠን የትኛው ስቴት እንደሆነ በስሙ እንጠራለን።

ዲድ ማለት አገር ቤት ካርታ የምንለው ነው?

አይደለም። አገር ቤት መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ለባለይዞታው የሚሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ነው። ስለዚህ ካርታው ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ይደብቀዋል፣ የጠፋበትም ምትክ ለማውጣት ይንከራተታል።

እዚህ ዲድ የሚባለው ባለቤትነት ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የተላለፈበት ሰነድ ነው። የሚፈርመው ሰጪው ነው። ተቀባዩ በአብዛኛው ፊርማ አይጠየቅም። ሰነዱ ከተፈረመ በኋላ ወደ ካውንቲው ይሄዳል። ካውንቲው ቁጥርና ሰዓት ይሰጠዋል፣ ምስሉን መዝገቡ ውስጥ ያስገባል፣ ዋናውን ይመልሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገዢውም፣ ባንኩም፣ ፍርድ ቤቱም የሚያየው መዝገቡን ነው።

ሞርጌጅ ስላለብኝ ቤቱ የባንኩ ነው የሚሉ አሉ። ዲዱ ላይ ያለው ስም የእርስዎ ከሆነ ባለቤቱ እርስዎ ነዎት። ባንኩ ያለው ሌላ ሰነድ ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ብዙ ጊዜ ዲድ ኦፍ ትረስት ይባላል። ስሙ ዲድ ቢልም ለብድሩ መያዣ ነው እንጂ ባለቤትነት የሰጠዎት ሰነድ አይደለም።

ዋናው ዲድ ጠፍቶብኛል። ቤቴን ላጣ እችላለሁ?

አያጡም። ሰነዱ ተመዝግቦ ከነበረ ካውንቲው ዘንድ አለ። ለራስዎ ማስታወሻ ከሆነ ተራ ቅጂ ይበቃል። ለፍርድ ቤት ወይም ለሌላ መሥሪያ ቤት ከሆነ ማኅተም ያለበትን የተረጋገጠ ቅጂ ይጠይቁ። ሁለቱም በጥቂት ዶላር የሚገኙ ናቸው።

መዝገቡ የትኛው ቢሮ ነው ያለው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቢሮው በየስቴቱ ሌላ ስም አለው። ካሊፎርኒያ፣ ኔቫዳ፣ ኦሃዮና ሚኒሶታ ውስጥ ካውንቲ ሪከርደር ይባላል። ኮሎራዶ ላይ ክለርክ ኤንድ ሪከርደር ነው። ቴክሳስ ላይ የካውንቲው ክለርክ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላይ የሰርኪዩት ፍርድ ቤቱ ክለርክ፣ ጆርጂያ ላይ ደግሞ የሱፒሪየር ፍርድ ቤቱ ክለርክ ይይዘዋል። ስለዚህ ፍርድ ቤት ሂዱ ስትባሉ አትደንግጡ፤ ክስ የለም፣ መዝገቡ እዚያ ስላለ ነው። ኮኔቲከት፣ ሮድ አይላንድና ቨርሞንት ላይ ደግሞ መዝገቡ የሚገኘው በካውንቲ ሳይሆን በየከተማው ነው።

ዲሲ ካውንቲ የላትም። የራሷ ሪከርደር ኦፍ ዲድስ አላት፤ በታክስና ገቢ ቢሮው ሥር ነው። ይህን ቢሮ ከ1881 እስከ 1886 የመራው በባርነት ተወልዶ ለነጻነት ሲታገል የኖረው ፍሬድሪክ ዳግላስ ነበር። ዲሲ ቤት ያለው ሐበሻ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ሌላው ጥንቃቄ የፖስታ አድራሻ ነው። ፖስታው አሌክሳንድሪያ ስላለ ቤቱ የግድ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ አይደለም። ብዙዎቹ በእውነቱ ፌርፋክስ ካውንቲ ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ የተለያየ መዝገብ አላቸው። ፎልስ ቸርች ከተማ የሚመዘገበው አርሊንግተን ነው። አትላንታ በፉልተንና በዲካልብ ካውንቲዎች ላይ ተዘርግታለች። ኦሮራ ኮሎራዶም በአራፓሆ፣ በአዳምስና በዳግላስ ተከፋፍላለች። የንብረት ታክስ ደረሰኝዎን ያውጡ፤ የካውንቲው ስም እዚያ ላይ አለ።

እንዴት ነው የምፈልገው?

መጀመሪያ ታክስ ገማቹን፣ ማለትም አሴሰሩን ይፈልጉ። በአድራሻ መፈለግ ያስችላል፣ የቦታውን ቁጥር ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜም የመጨረሻው ሽያጭ መቼ እንደነበር ያሳያል። ግን ልብ ይበሉ፣ አሴሰሩ ላይ ያለው ስም ታክስ የሚላክለት ሰው ስም ነው። ባለቤትነትን የሚናገረው ሪከርደሩ ነው።

የሪከርደሩ ማውጫ ብዙ ጊዜ በአድራሻ አይሠራም። የተደራጀው በሰጪና በተቀባይ ስም ነው። እርስዎ ሲገዙ በተቀባይ ስር ይገባሉ፤ ሲሸጡ ወይም ሲበደሩ በሰጪ ስር። ስለዚህ በሁለቱም ይፈልጉ። የድሮ ሰነዶች በመጽሐፍና በገጽ ቁጥር ይጠራሉ፤ ሜሪላንድ ላይ ሊበርና ፎሊዮ ይሉታል።

የእኛ ስም ማውጫው ላይ ብዙ ያስቸግራል። ፀሐይ በላቲን ፊደል በቲኤስ ሊጀምር ይችላል፣ በቲ ብቻ፣ ወይም በኤስ። ኃይለ ሚካኤል አንድ ቃል ሆኖ ተጽፎ ይሆናል፣ ሁለት ሆኖ፣ ወይም ኃይለ የሚለው መካከለኛ ስም፣ ሚካኤል የሚለው የቤተሰብ ስም ተደርጎ። አንዳንዱ ሰነድ በአባት ስም፣ አንዳንዱ በአያት ስም ገብቷል። ኮምፒውተሩ እነዚህን ሁሉ የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ነው የሚያያቸው። ስለዚህ የሚያስቡትን አጻጻፍ ሁሉ ይሞክሩ። የመጀመሪያ ስምዎን በቤተሰብ ስም ቦታ አስገብተውም ይሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

ክፍያውም ይለያያል። ሜሪላንድ ኤምዲ ላንድሬክ በሚባል ድረ ገጽ የመላ ስቴቱን ሰነዶች በነጻ ታሳያለች፤ መመዝገብ ብቻ ነው። ሲያትል ያለበት ኪንግ ካውንቲም ምስሉን በነጻ ያሳያል። ቨርጂኒያ ላይ በኢንተርኔት ማየት በአብዛኛው በደንበኝነት ክፍያ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ድረስ ሄደው በሕዝብ ኮምፒውተር ማየት ግን ይችላሉ። መታወቂያ አሳዩ ወይም ለምን ፈለጋችሁ የሚል ጥያቄ የለም፤ መዝገቡ የሕዝብ ነው። የሌላ ሰው ቤትም ማየት ይፈቀዳል።

ሰነዱን ካገኘሁት በኋላ ምን ላይ ላተኩር?

ስምዎ በትክክል ተጽፏል? አብረውት የገዙት ሰው ካለ ሁለታችሁም አላችሁ? የቤቱ ሕጋዊ መግለጫ፣ ማለትም የሎትና የብሎክ ቁጥሩ፣ ከታክስ ወረቀቱ ጋር ይገጥማል?

ከሁሉም በላይ ግን ከስሞቹ ቀጥሎ ያለችውን አጭር ሐረግ ያንብቡ። ሁለት ሰዎች አንዱ ሲሞት ቤቱ በቀጥታ ለሌላው እንዲያልፍ ሆነው መያዝ ይችላሉ። ወይም እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ለራሱ ወራሾች በሚያስተላልፍበት መንገድ። ልዩነቱ በዚያች ሐረግ ነው የሚወሰነው። ሜሪላንድ፣ ዲሲና ቨርጂኒያ ለባልና ሚስት የሚሆን ሦስተኛ ዓይነት አላቸው፤ ሁለቱን እንደ አንድ አካል ይቆጥራል፣ የአንዱ ብቻ አበዳሪም ቤቱን በቀላሉ እንዳይነካ ይከላከላል። ወንድምና እህት አብረው ገዝተው፣ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳያውቁ ዓመታት መኖራቸው የተለመደ ነው። ዛሬ ይመልከቱት።

ሞርጌጁን ከፍለው ከጨረሱ ደግሞ የዕዳ መልቀቂያው መመዝገቡን ያረጋግጡ። ባንኩ ካላስመዘገበው መዝገቡ ላይ አሁንም ባለዕዳ ነዎት፤ ይህም ሲሸጡ ያስቸግርዎታል።

ዲዱ ተፈርሞ በእጄ አለ። ካላስመዘገብኩት ምን ይሆናል?

በሰጪውና በእርስዎ መካከል ዲዱ ይሠራል። በእርስዎና በሌላው ዓለም መካከል ግን ራቁትዎን ነዎት። ሰጪው ያንኑ ቤት ለሌላ ሰው ቢሸጠው፣ ያ ሰው የእርስዎን ሳያውቅ ገዝቶ ቀድሞ ቢያስመዘግብ፣ በብዙ ስቴቶች ሕግ ቤቱ የእሱ ነው። እንደ ኖርዝ ካሮላይና ባሉት ደግሞ ወሳኙ ማን ቀድሞ አስመዘገበ የሚለው ብቻ ነው። የሰጪው አበዳሪዎችም መዝገቡ ላይ የሱን ስም ስለሚያዩ ቤቱን ለዕዳ ማስያዝ ይችላሉ። ወንድሜ ነው፣ አይከዳኝም ማለት እዚህ አያድንም። ወንድምዎ ባይከዳዎትም አበዳሪው አያውቅዎትም። በተፈረመበት ቀን ያስመዝግቡ።

ለማስመዝገብ ምን ያስፈልጋል? ስንት ነው?

ዋናው ሰነድ፣ የሰጪው ፊርማ በኖተሪ ፊት የተረጋገጠ፣ የሁለቱም ወገን ሙሉ ስም፣ ሕጋዊ መግለጫው፣ ሰነዱ የሚመለስበት አድራሻ። ከዚህ በተጨማሪ ስቴቱ ወይም ካውንቲው የሚጠይቀው ቅጽ አለ። ካሊፎርኒያ የባለቤትነት ለውጥ ቅጽ ትጠይቃለች፣ ዋሽንግተን ስቴት የሽያጭ ታክስ መግለጫ፣ ጆርጂያ ፒቲ 61 የሚባለውን የዝውውር ታክስ ቅጽ፣ ኔቫዳ የዋጋ መግለጫ። ስጦታ ቢሆንም ቅጹ አይቀርም፤ ከታክስ ነጻ የሚሆንበትን ምክንያት የሚጽፉት እዚያው ላይ ነው።

ክፍያው ሁለት ነገር ነው። አንዱ የመመዝገቢያ ክፍያ ነው፤ ሚኒሶታ ላይ 46 ዶላር ቁርጥ ነው። ካሊፎርኒያ ላይ ከመደበኛው በተጨማሪ ከ2018 ጀምሮ በአንዳንድ ሰነዶች ላይ 75 ዶላር ይጨመራል። ሌላው የዝውውር ታክስ ነው፤ ከባዱም እሱ ነው። ዲሲ ላይ ዋጋው ከ400,000 ዶላር በታች ለሆነ መኖሪያ ቤት 1.1 በመቶ የምዝገባ ታክስ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 1.45 በመቶ ይከፈላል፤ የዝውውር ታክሱም ለብቻው በዚያው ልክ ነው። ካሊፎርኒያ ላይ የካውንቲው ታክስ በየ1,000 ዶላሩ 1.10 ዶላር ነው። ቴክሳስ የዝውውር ታክስ የላትም። ዋጋው ስለሚቀያየር ከመሄድዎ በፊት የቢሮውን የክፍያ ሠንጠረዥ ይመልከቱ።

ያስገባሁትን ሰነድ ለምን መለሱብኝ?

ብዙ ጊዜ በትንሽ ነገር ነው። የኖተሪው ማኅተም አይነበብም፣ ቅጹ ቀርቷል፣ ክፍያው ጎድሏል፣ ሕጋዊ መግለጫው የለም፣ ወይም ኅዳጉ ጠቧል። ዋሽንግተን ስቴት በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ 3 ኢንች ባዶ ቦታ ትፈልጋለች። መላሹ ደብዳቤ ላይ ምክንያቱ ተጽፏል፤ አስተካክለው ይላኩት። የተመዘገበ ሰነድ ላይ የፊደል ስህተት ከተገኘ ግን መሰረዝና መደለዝ አይቻልም። የማስተካከያ ሰነድ ተፈርሞ አዲስ ይመዘገባል።

ቢሮው ከመዘገበው ትክክል ነው ማለት ነው?

አይደለም። ሠራተኛው የሚያየው ቅርጹን ነው፤ ፊርማው የማን እንደሆነ አያጣራም። በተጭበረበረ ፊርማ የተሠራ ዲድ ቢመዘገብም ዋጋ የለውም። ያንን ለማሰረዝ ግን ፍርድ ቤት መሄድ፣ ጊዜና ገንዘብ ማፍሰስ ይጠይቃል። አጭበርባሪዎች የሚመርጡት ባዶ ቤት፣ ዕዳው የተከፈለ ቤት፣ የአዛውንት ቤትና ባለቤቱ ውጭ አገር የሆነ ቤት ነው። አገር ቤት ገብቶ ለዓመት የሚቆይ ሰው ይህን ልብ ይበል።

ብዙ ካውንቲዎች በስምዎ አንድ ሰነድ ሲመዘገብ ኢሜይል የሚልክ ነጻ ማንቂያ አላቸው። ዛሬውኑ ይመዝገቡ፤ በተለያየ አጻጻፍ ስምዎን ያስገቡ። በየወሩ ገንዘብ እየተቀበሉ ታይትልዎን፣ ማለትም ባለቤትነትዎን፣ እንቆልፋለን የሚሉ ድርጅቶች አሉ። መቆለፍ የሚባል ነገር የለም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም ይህ ኢንሹራንስ እንዳልሆነ አስጠንቅቋል። የሚሰጡት ካውንቲው በነጻ የሚሰጠውን ማንቂያ ነው።

ቤት በገዙ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የመንግሥት መልክ ያለው ደብዳቤ ሊደርስዎ ይችላል። የዲድዎን ቅጂ ለማግኘት መቶ ዶላር ገደማ ላኩ ይላል። አይላኩ። ያንኑ ቅጂ ከካውንቲው በጥቂት ዶላር ያገኙታል። ይህን ለወላጆችዎ ቁጭ ብለው ያስረዱ፤ ደብዳቤ አክብረው የሚከፍሉት እነሱ ናቸው።

ልጄን ዲዱ ላይ ልጨምር? ሁሉም ሰው ኩዊት ክሌም ቀላል ነው ይላል።

ቀላልነቱ ነው አደጋው። ኩዊት ክሌም ማለት ያለኝን መብት ካለ ሰጥቻለሁ የሚል፣ ምንም ዋስትና የሌለው ዲድ ነው። አንድ ገጽ ነው፤ ከኢንተርኔት ይወርዳል፣ ኖተሪ ጋ ይፈረማል፣ አለቀ። መመለስ ግን በእርስዎ ፈቃድ ብቻ አይሆንም። ልጁ ካልፈረመ ስሙ አይወጣም።

ልጅዎን ሲጨምሩ የልጁን ሕይወትም ቤትዎ ውስጥ አስገቡ ማለት ነው። ቢከሰስ፣ ዕዳ ቢገባ፣ ትዳሩ ቢፈርስ ድርሻው ይነካል። ያለሱ ፊርማ መሸጥም አይችሉም።

ታክሱም አለ። ለምሳሌ ቤቱን በ180,000 ዶላር ገዝተው ዛሬ 700,000 ያወጣል እንበል። በሕይወት እያሉ ለልጅዎ ከሰጡት፣ ልጁ ሲሸጠው ትርፉ የሚሰላው ከ180,000 ተነሥቶ ነው። ሲሞቱ ቢወርሰው ግን መነሻው በሞቱበት ጊዜ ያለው ዋጋ ይሆናል። ልዩነቱ እጅግ ብዙ ገንዘብ ነው። የስጦታ ታክስ ባይከፍሉም፣ በ2025 ከ19,000 ዶላር በላይ ለአንድ ሰው የሰጠ የስጦታ መግለጫውን ቅጽ 709 መሙላት ነበረበት። ለአረጋውያን እንክብካቤ ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የጤና እርዳታ ሲጠየቅ ደግሞ አብዛኞቹ ስቴቶች ባለፉት 5 ዓመታት የተላለፈ ንብረት እንዳለ ያያሉ። ካሊፎርኒያ ላይ ከየካቲት 2021 ወዲህ ቤት ለልጅ ሲተላለፍ ልጁ ካልኖረበት የንብረት ታክሱ እንደ አዲስ ሊገመት ይችላል።

ባንኩስ? የ1982 የፌዴራል ሕግ ለትዳር አጋር ወይም ለልጅ የተላለፈን መኖሪያ ቤት ብቻ ምክንያት አድርጎ ባንኩ ብድሩን በሙሉ አሁን ክፈሉ እንዳይል ይከለክላል። ዲዱ ላይ የተጨመረ ሰው ግን ብድሩ ላይ አልተጨመረም፣ ከዲዱ የወጣም ከብድሩ አልወጣም። በፍቺ ጊዜ ይህን ያልተረዱ ብዙዎች ቤቱን ሰጥተው ዕዳውን ተሸክመው ቀርተዋል።

ታዲያ ቤቱ ያለ ፍርድ ቤት ለልጆቼ እንዲያልፍ ምን ላድርግ?

ብዙ ስቴቶች ሲሞቱ የሚተላለፍ ዲድ ይፈቅዳሉ። ዲሲ፣ ቨርጂኒያ፣ ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን፣ ቴክሳስ፣ ሚኒሶታ፣ ኔቫዳና ኮሎራዶ ከነሱ መካከል ናቸው፤ ስሙ ብቻ በየቦታው ይለያያል። በሕይወት እስካሉ ድረስ ቤቱ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ነው። መሸጥ፣ መበደር፣ ሐሳብዎን መቀየር ይችላሉ። የተጠቀሰው ሰው ዛሬ ምንም መብት የለውም፤ የአሜሪካ ዜጋ መሆንም አይጠበቅበትም።

አንድ ግዴታ አለ፤ ከመሞትዎ በፊት መመዝገብ አለበት። ተፈርሞ መሳቢያ ውስጥ የቀረ ዋጋ የለውም። ካሊፎርኒያ ላይ ኖተሪ ፊት በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ መመዝገብ ግዴታ ነው። ለብዙ ቤተሰብ ከኩዊት ክሌም ይልቅ ይህ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ባለቤቴ አረፈ። ስሙን ከዲዱ እንዴት አወጣለሁ?

በመጀመሪያ ነፍስ ይማር። ይህ ጉዳይ የለቅሶው ሰሞን የሚሠራ አይደለም፤ ሲረጋጉ ይደርሳል። ዲዱ ለተረፈው የሚያልፍ ዓይነት ከሆነ ቤቱ ቀድሞውንም የእርስዎ ሆኗል። የቀረው መዝገቡ ይህን እንዲያሳይ ማድረግ ነው። ካሊፎርኒያ ላይ የሞት ማረጋገጫ ቃለ መሐላ ከተረጋገጠ የሞት ሰርተፊኬት ጋር ይመዘገባል።

እንደዚያ ዓይነት ካልሆነ የሟቹ ድርሻ በቤቱ ስቴት ፍርድ ቤት ፕሮቤት በሚባለው የውርስ ሂደት በኩል ማለፍ ይኖርበታል። አዲስ አበባ ካለ ፍርድ ቤት የወጣ የወራሽነት ማረጋገጫ በቀጥታ ካውንቲው ላይ ተመዝግቦ ቤት አያዛውርም። ለአሜሪካው ፍርድ ቤት እንደ ማስረጃ ግን ሊጠቅም ይችላል።

ሞርጌጁን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ዲዱ ግን ክሬዲት በነበረው ዘመዴ ስም ነው።

ይህ በእኛ ሰው ዘንድ በጣም የተለመደ ነው፤ ሲበላሽም ቤተሰብ ይበትናል። በመዝገቡ መሠረት ቤቱ የዘመድዎ ነው። እሱ ቢፋታ የትዳሩ ንብረት ነው ሊባል ይችላል፣ ቢሞት ወራሾቹ ይጠይቃሉ። የቃል ስምምነት መሬትና ቤት ላይ በአብዛኛው አይጸናም። ከፍያለሁ የሚያሰኝ የባንክ ማስረጃ ሁሉ ያስቀምጡ። ገና በሰላም ሳላችሁ ጠበቃ ጋ ሄዳችሁ በጽሑፍ አድርጉት፤ ዲዱንም አስተካክሉ። ማን እንደሚኖርበት ለባንኩ ውሸት ተነግሮ ከሆነ ውሸቱ ራሱን የቻለ ወንጀል ሊሆን ስለሚችል፣ ያንንም ለጠበቃው ሳይደብቁ ይንገሩት።

ዜግነት ስወስድ ስሜን ቀየርኩ። ዲዱ በድሮው ስሜ ነው።

ባለቤትነትዎ አይነካም። ሲሸጡ ወይም ሲያስተላልፉ ዲዱ ላይ ሁለቱም ስሞች ይጻፋሉ፤ አሁን እገሌ የሚባለው፣ ቤቱን በእገሌ ስም የያዘው ተብሎ። የዜግነት ሰርተፊኬቱን ወይም የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ያዘጋጁ።

ተቃራኒ ችግርም አለ። ስማችን ብዙ ሞክሼ ስላለው ቤትዎን ሲሸጡ የሌላ ሰው የፍርድ ዕዳ በእርስዎ ስም ተቆጥሮ ሊወጣ ይችላል። እኔ ያ ሰው አይደለሁም የሚል ቃለ መሐላ ባለቤትነቱን ለሚያጣራው ታይትል ካምፓኒ በመስጠት ይፈታል።

አሁን ኢትዮጵያ ነኝ። ዲድ መፈረም አለብኝ።

አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ የኖተሪ አገልግሎት በቀጠሮ ይሰጣል፤ ለአንድ ማኅተም 50 ዶላር ነው። ሰነዱን ሳይፈርሙ ይዘው ይሂዱ፣ የሚፈርሙት እዚያው ነው። ሌላው መንገድ ውክልና መስጠት ነው። ውክልናው ቤቱን በግልጽ የሚጠቅስ፣ መሸጥና ዲድ መፈረምን የሚፈቅድ መሆን አለበት፤ ከዲዱ ጋርም ይመዘገባል። በአማርኛ በሰነዶች ማረጋገጫ የተሰጠ ውክልና የተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም ያስፈልገዋል፤ እንዲያም ሆኖ ታይትል ካምፓኒው ላይቀበለው ይችላል። አስቀድመው ይጠይቁ። የኦንላይን ኖተሪም አለ። ቨርጂኒያ በ2011 ሕጉን በማውጣት ቀዳሚ ነበረች።

ቤተ ክርስቲያናችን፣ እድራችን ወይም ማኅበራችን ሕንፃ ሊገዛ ነው። በማን ስም ይሁን?

በድርጅቱ በራሱ ስም፣ በስቴቱ የተመዘገበበትን ስም ፊደል በፊደል ተከትሎ። በሊቀ መንበሩ ወይም በሦስት ኮሚቴ አባላት ስም አይሁን። ለጊዜው ነው ይባላል፣ ከዚያ ሰው ይሞታል፣ ይጣላል፣ ስቴት ይቀይራል። ምእመን በየሳምንቱ ያዋጣው ገንዘብ በግለሰብ ንብረት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። በአንዳንድ ቦታ የንብረት ታክስ ነጻነቱም ይቀርበታል። ሕንፃ ያላችሁ ሁሉ ዲዱን አውጥታችሁ ለጉባኤው አንብቡት።

በቤቴ የድሮ ሰነድ ላይ ጥቁር እንዳይገዛ ወይም እንዳይኖርበት የሚል አንቀጽ አገኘሁ። ይህ ምንድን ነው?

ያዩት እውነተኛ ታሪክ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ አልሚዎችና ጎረቤቶች ቤቱ ለነጭ ብቻ እንዲሸጥ የሚያስገድድ ግዴታ ካውንቲው ላይ ያስመዘግቡ ነበር። ሲያትል፣ ሚኒያፖሊስ፣ ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሞልተዋል። ዛሬ የእኛ ሰው ብዙ ከሚኖርባቸው ሰፈሮች አንዳንዶቹ በነዚህ ወረቀቶች የተዘጉ ነበሩ። አንዳንዱ የአፍሪካ ዝርያ ያለው ሰው ይላል፤ አንዳንዱ አይሁዶችንና እስያውያንንም ይጨምራል። የቤት ሠራተኛ ከሆነ ይፈቀዳል የሚል ልዩ ሁኔታም ይገኝበታል።

በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሼሊ እና ክሬመር ጉዳይ፣ ፍርድ ቤቶች እነዚህን ግዴታዎች ማስፈጸም አይችሉም ብሎ ወሰነ። ጉዳዩ የተነሣው ከሴንት ሉዊስ ሚዙሪ ነው። በዚያው ቀን ከተወሰኑት አንዱ ዲሲ ውስጥ ብሉሚንግዴል ሰፈር፣ ብራያንት ስትሪት ላይ ያሉ ቤቶችን የሚመለከት ነበር። በ1968 የፌዴራሉ ፌር ሃውሲንግ ሕግ አድልዎውን ራሱን ከለከለ። ስለዚህ ያ አንቀጽ ዛሬ ምንም ኃይል የለውም። ቤትዎን አይነካም።

ሆኖም ማንበቡ ያማል፤ ከስምዎ ሰነድ ጋር ተያይዞ እንዲኖርም ላይፈልጉ ይችላሉ። ካሊፎርኒያ አንቀጹ የተሰረዘበት ሰነድ ያለ ክፍያ እንዲመዘገብ ትፈቅዳለች። ቨርጂኒያ ከ2020 ጀምሮ የመልቀቂያ ሰርተፊኬት አላት። ሚኒሶታ በ2019 ባለቤቱ ግዴታውን በይፋ እንዲያወርድ ፈቀደች፤ ጀስት ዲድስ የሚባል ኅብረትም በነጻ ይረዳል። የድሮው ዋና ገጽ ከማኅደሩ አይጠፋም፣ መጥፋትም የለበትም። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እነዚህን ሰነዶች አንድ በአንድ ለቅመው በካርታ ላይ አስቀምጠዋቸዋል፤ ልጆቻችን ሰፈራቸው እንዴት እንደተሠራ ማየት የሚችሉት እንደዚህ ባለ ሥራ ነው።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ቢሮው ይረዳኛል?

ዲሲ ላይ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛ ከሚካተቱት ቋንቋዎች አንዱ ነው። የመንግሥት ቢሮዎች አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለባቸው፤ ሳያፍሩ ይጠይቁ። በሌሎች ቦታዎችም አስተርጓሚ በስልክ ማግኘት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ አይጎዳም። ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው ቢወስዱ ይሻላል ብለው አያስቡ፤ በተለይ ጉዳዩ የልጁን ድርሻ የሚመለከት ከሆነ።

ጠበቃ የግድ ነው?

ለመፈለግ፣ ቅጂ ለማውጣት፣ ለማንቂያ ለመመዝገብና የድሮውን አንቀጽ ለማንሣት አያስፈልግም። የሪከርደሩ ሠራተኞችም ቅጽ ይሰጣሉ እንጂ የትኛው ዲድ እንደሚሻልዎ እንዲነግሩዎ ሕጉ አይፈቅድላቸውም። ባለቤትነት የሚቀይር ማንኛውም ዲድ ከመፈረምዎ በፊት ግን በዚያው ስቴት ፈቃድ ያለው የሪል እስቴት ወይም የውርስ ጠበቃ ያማክሩ። ታክስ አዘጋጅዎም፣ ኖተሪዎም፣ ቤቱን የሸጠልዎ ኤጀንትም ይህን ሊተኩ አይችሉም። ሲሄዱ የተመዘገበውን ዲድ ቅጂ፣ የቅርብ ጊዜውን የሞርጌጅ ወረቀት፣ የታክስ ደረሰኙንና መታወቂያዎን ይዘው ይሂዱ።